ካርታ ከመቀባታችሁ በፊት

ሰሞኑን አንዲት ተማሪ ኪውጂአይኤስ በሚባለው የካርታ መሥሪያ ሶፍትዌር የሠራችውን የምርጫ ካርታ ላከችልኝ። ያምራል። «ጋሼ፣ የ1997ቱን የየጣቢያውን ውጤት ከየት ላግኝ?» ትላለች። የቆየ ቁጭቴን ነካካችው።

ግንቦት 7 ቀን 1997 ድምፅ በሰጠን ማግስት፣ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ሰፈራችን ምርጫ ጣቢያ በር ላይ ቆመናል። የተለጠፈው ወረቀት በእስክሪብቶ የተሞላ ነው። የእያንዳንዱ ዕጩ ድምፅ፣ ዋጋ የሌለው ድምፅ፣ ፊርማ፣ ማህተም። ሰዉ ለማየት ይጋፋል። ባልደረባዬ ደብተር ይዟል። «ሰፈር እንከፋፈልና እየዞርን እንገልብጠው» አለኝ። እኔ ደግሞ «ተወው ባክህ፣ በይፋ መውጣቱ አይቀርም!» አልኩት። ሰንብቼ ሳልፍ ወረቀቱ የለም፤ በሩ ላይ የቤት ኪራይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ዝርዝሩን ፍለጋ ስንት ቢሮ አንኳኳሁ። «ነገ ተመለስ» ብቻ ነው።

ምን ያደርግልሃል ትሉኝ ይሆናል። በ1997 የአዲስ አበባን 23ቱንም የፓርላማ ወንበር ቅንጅት ወሰደ። በ2002 ደግሞ 22ቱ የኢሕአዴግ ሆኑ። ካርታውን ወንበሩን በወሰደው ፓርቲ ቀለም ከቀባችሁት ከተሜው በአምስት ዓመት ውስጥ እንዳለ የተገለበጠ ይመስላል። እኛ ጋ ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘ ወንበሩን ይወስዳል፤ ግማሽ መሙላት ግድ አይደለም። ስንቱ ሐሳቡን ቀየረ? ስንቱስ ቤቱ ቀረ? ለዚህ የበሩ ወረቀት ያስፈልጋል። እሱም ቢሆን ስለ ጣቢያው እንጂ ስለ ግለሰቡ አይነግራችሁም። «ሀብታሞች የሚበዙበት ሰፈር እንዲህ መረጠ» እና «ሀብታሞች እንዲህ መረጡ» ለየቅል ናቸው።

ስፋትም ያታልላል። በዚያ ፓርላማ ሶማሌ ክልልም 23 ወንበር፣ አዲስ አበባም 23 ነበራቸው። ካርታው ላይ አንዱ ምሥራቁን ይሞላል፣ ሌላዋ በመነጽርም አትታይ። በመሬቱ ስፋት ፈንታ ለእያንዳንዱ ወንበር እኩል ካሬ ስጡት።

የዛሬ ልጆች ቀለም ስትመርጡ ታመሻላችሁ፣ ሠንጠረዡን ግን ገልጣችሁ አታዩም። እውነቱን ለመናገር፣ የልጅቷ ካርታ ባያምር እኔም አልከፍተውም ነበር። በ1987ቱ ሕዝብ ቆጠራ ጊዜ በእጅ የተሣሉ የቀበሌ ካርታዎች ትዝ አሉኝ፤ ወሰኑ ዋርካ፣ ወፍጮ ቤት፣ የእገሌ አጥር። ለዓይን አይስቡም፣ ግን ቆጣሪው አይጠፋም ነበር።

ለልጅቷ የ1997ቱን ልሰጣት አልቻልኩም። ለሚቀጥለው ግን ስልክ አላችሁ። የተለጠፈውን ወረቀት የጣቢያው ቁጥር እንዲነበብ አድርጋችሁ አንሱት። ፋይሉን በጣቢያው ቁጥር ሰይሙት፣ አንድ ቅጂ ለጓደኛ ላኩ። ቴሌግራም ላይ ብቻ ትታችሁት እንዳትተኙ።