አራተኛው እልልታ

ይድረስ ለእትዬ፣

ዕድሜዬ 34 ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት ሒሳብ ክፍል እሠራለሁ። ባለቤቴ ነርስ ናት። በሰኔ መጨረሻ ሁለተኛ ልጃችንን በቀዶ ሕክምና ተገላገለች፤ ሴት ልጅ ናት። ፈቃድ ስጠይቅ አለቃዬ ከት ብሎ ስቆ «አንተ ነህ እንዴ የወለድከው?» አለኝና ሦስት ቀን ሰጠኝ።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ከግቢያችን ቧንቧ ሥር ቁጢጥ ብዬ የሕፃኗን ጨርቆች ሳጥብ፣ አራስ ልትጠይቅ ከገጠር የመጣችው እናቴ ደረሰች። «እኔ ሳልሞት!» ብላ ሳፋውን ከፊቴ ነጠቀችኝ። አከራያችን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አድርገው ወደ ቤታቸው ገቡ። ከዚያ ወዲህ የማጥበው ሌሊት ነው። ሰው ሲተኛ አጥቤ ጓዳ ውስጥ በወጠርኩት ገመድ ላይ አሰጣለሁ።

ባለፈው እሑድ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው እህቴ መጥታ ገመዱን አየችው። ሳቀችና እናቴ ፊት «ወንድሜ፣ አንተማ ፌሚኒስት ሆነሃል» አለችኝ። ደሜ ፈላ። «እኔ ሴታሴት አይደለሁም!» ብዬ ጮህኩባት። «ይህ ነገር ለአንተም ነው» ብላኝ ቡናዋን ሳትጨርስ ሄደች።

እትዬ፣ እኔ ሚስቴን አግዛለሁ፣ እጄን አንስቼባት አላውቅም፣ ደመወዜንም አልደብቃትም። ታዲያ ፌሚኒዝም፣ ይህ ሴት ከወንድ እኩል ናት የሚሉት ነገር፣ ለእኔ ምን ያደርግልኛል? የሴቶች ጉዳይ አይደለም ወይ? እናቴንስ ምን ልበላት?

አንድ ነገር ልጨምር። የልጅቱ መወለድ ሲሰማ ቤት የነበሩት ሴቶች ሦስት ጊዜ እልል አሉ። ለታላቅ ወንድሟ ሰባት ጊዜ ነበር። ወግ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ሳላስበው እየቆጠርኩ ነበርና አራተኛውን ስጠብቅ ዝም አሉ። ይህን ለምን እንደምጽፍልዎት እኔም አላውቅም። ክርስትናዋ መስከረም ላይ ነው።

የሌሊት አጣቢው

*

ወንድሜ፣

መጀመሪያ ጨርቁን እናድርቀው። በሐምሌ ጓዳ ውስጥ የተሰጣ ጨርቅ ይሸታል እንጂ አይደርቅም፤ እርጥበቱም የሕፃን ገላ ያቆስላል። የአባቷ ወንድነት ተከብሮ እንዲያድር ብሎ የልጅቱ መቀመጫ የሚላጥበት ምክንያት አይታየኝም። ገመዱን ነገ ጠዋት ወደ ግቢ አውጣው።

«ለእኔ ምን ያደርግልኛል» ብለሃል። ጉዳዩ በመጀመሪያ የሴቶች መሆኑን አልክድህም። ቁስሉ የእነርሱ ነው፤ በአንተ ላይ ያለው ከዚያ ቁስል አጠገብ ያለ ጭረት ነው። ግን ጭረቱም ያማል፤ ባያምህ ኖሮ ሌሊት ተነሥተህ እንደ ሌባ ባላጠብክ።

የአለቃህን ሳቅ እንመልከት። አለቃህ ሦስቱን ቀን ከኪሱ አላወጣም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላዷ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ ደግሞ 90 ቀን ይሰጣል። ለአባት 3 ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ነው። ይኸው አዋጅ ሠራተኛው የቅርብ ዘመድ ሲሞትበትም 3 የሥራ ቀን ይፈቅድለታል። አስተውለሃል? ልጅ ሲወለድልህና ዘመድ ሲሞትብህ የምትቆጠረው አንድ ዓይነት ሰው ሆነህ ነው፤ ደርሰህ የምትመለስ እንግዳ። የ120 እና የ3 ቀኑ ልዩነት ደግሞ እዚያው አይቀርም። ቀጣሪ ሁለት ማመልከቻ ፊቱ ተቀምጦለት ሴቷን ወደ ጎን የሚያደርገው ይህን አስልቶ ሲሆን፣ በዚያ ስሌት የሚጎድለው የሚስትህ ደመወዝ የአንተም እንጀራ ነው። የአባት ቀን ይጨመር ብሎ የሚከራከረው ማን ይመስልሃል? አለቃህ አይደለም። ቡናዋን ሳትጨርስ የሄደችው ልጅና ብጤዎቿ ናቸው።

እናትህ «እኔ ሳልሞት» ያለችው ካለ ነገር አይደለም። እርሷ የተዳረችው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ዘመን ነው። ያ ሕግ ባል የቤተሰቡ ራስ ነው፣ ሚስትም ልትታዘዘው ይገባታል ይል ነበር። የሚደንቀኝ ግን ሌላው አንቀጽ ነው፤ ባል ለቤት ሥራ አገልጋይ ለመቅጠር አቅም ካነሰው ሥራውን ሚስት ራሷ ትሥራው ይላል። በአንድ ዓረፍተ ነገር እርሷ የገረድ ምትክ፣ እርሱ ደግሞ የኪሱ መጠን ሆኑ። ይህ 40 ዓመት ኖሮ በ1992 የወጣው የቤተሰብ ሕግ ቤትን ባልና ሚስት በጋራ ያስተዳድራሉ ብሎ ተካው። ያም በራሱ የመጣ አይደለም። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን የመሳሰሉ ደጅ ጠንተው፣ ተሟግተው ያመጡት ነው። ዛሬ የቤት ኪራይ ሲጨምር ብቻህን ሳይሆን ከሚስትህ ጋር ተቀምጠህ የምትመክረው የቤቱ ብቸኛ ራስ ስላልሆንክ ነው። ራስ መሆን ከሩቅ ሲያዩት ያምራል እንጂ ያስጨንቃል፤ አባትህ በሕይወት ካሉ ጠይቃቸው።

አሁን ወደዚያች ስድብ ልምጣ። «ሴታሴት» ብለህ ራስህን ተከላከልክ። ሴትነት ማነስ ነው ተብሎ ባይታሰብ ኖሮ ሴት መምሰል ስድብ አይሆንም ነበር። ሦስት ላይ ያቆመው እልልታና በሳፋው ላይ የተጋረደው ነጠላ አንድ ሒሳብ ናቸው። የሒሳብ ሰው ነህና ይህ አይጠፋህም፦ የልጅቱ ነገር በሦስት ከተተመነ፣ የእርሷን ጨርቅ የሚነካ እጅም አብሮ ይረክሳል። አራተኛውን ስትጠብቅ የደረሰብህ ይኸው ነው። እኔም በልጅነቴ ፌሚኒዝም የሚለውን ቃል አልወደውም ነበር፤ አፌ ውስጥ እንደ ጠጠር ይገባብኝ ነበር። ቃሉን ካልወደድከው ተወው። መቁጠርህን ግን አትተው።

«አግዛለሁ» ስላልከው ትንሽ ልቆጣ። ሰው ጎረቤቱን በደቦ ያግዛል። የራሱን ማሳ ግን ያርሳል፤ አግዛለሁ አይልም። ልጅቱ የማን ናት?

ከዚህ ይልቅ ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ደብዳቤህ ውስጥ አለቃህ ተናገረ፣ እናትህ ተናገረች፣ እህትህ ተናገረች፣ አከራይዋ ሳይቀሩ በነጠላቸው ተናገሩ። ሚስትህ ነርስ ናት፣ ወለደች፤ ሌላ አንድም ቃል የላትም። በስፌት ቁስል ተኝታ ያን ሁሉ ጩኸት ስትሰማ ምን አለች? ከእናትህ በፊት ከእርሷ ጋር ተነጋገር። ምናልባት ሌሊት ስትነሣ እያየችህ የተኛች መስላ ይሆናል።

ለእናትህ ስብከት አያስፈልጋትም። ሳፋውን የነጠቀችህ ሳፋው የእርሷ ሥልጣን ስለሆነ ነው፤ እርሱን ከወሰድክባት በልጇ ቤት ምን ይቀራታል? ቅቤ አስይዛት፣ ሕፃኗን እርሷ ትሸት፤ ገንፎውን ታገንፋ፤ አንተ የማትችለውን ሁሉ ለእርሷ ተውላት። ማታ ሲረጋጋ ደግሞ እንዲህ ብለህ ጠይቃት፦ «እማዬ፣ እኔን ስትወልጂ በስንተኛው ቀን ነው ወደ ምድጃው የተመለስሽው? የእኔን ጨርቅ ማን አጠበው?» ከዚያ ዝም በል። መልሱ ረዘም ካለ አታቋርጣት፤ ማንም ጠይቋት አያውቅ ይሆናል።

ለአከራይዋ ምንም አትበላቸው። ኪራይህን በጊዜው ክፈል።

ለእህትህ ዛሬውኑ ደውልላት፤ ይቅርታውም ቡናውም በአንተ ነው። ለመስከረሙ ክርስትናም ቀድማ ትምጣ። ሴቶቹ ሦስት ብለው ሲያቆሙ አራተኛውን የሚጀምር ሰው ያስፈልግሃል።

እትዬ