ከመሸለም በፊት መመስከር

ውድ ልጆቼ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በሰኔ ነው፤ በየዩኒቨርሲቲው የምረቃ ጋዋን የሚለካበት፣ የዓመቱ ተሸላሚዎች ስም ከመነገሩ በፊት ዋንጫው የማን እንደሚሆን በየዶርሙ የሚወራበት ወር ነው። እኔ 34 ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ከዚያ ውስጥ 11ዱን ዓመት ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለአስተዳደር ሠራተኞች የሚሰጠውን ዓመታዊ ሽልማት ዕጩዎች በሚመረምር ኮሚቴ ውስጥ ሠርቻለሁ። በርትቶ የተማረ ይሸለማል የሚለውን ምክር ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ስትሰሙት ስላደጋችሁ አልደግመውም። የምነግራችሁ ስለ ሌላው ወገን፣ ስለሚጠቁመውና ስለሚመሰክረው ሰው ነው፤ ሽልማት የሠራ ሰው ያገኛል ብለን ብናምንም፣ እኔ በኮሚቴው ጠረጴዛ ላይ ከዓመት ዓመት ያየሁት የሚሸለመው ሠርቶ የተጻፈለት ሰው መሆኑን ነውና።

በዚህ ረገድ የተማሪዎቹ ሽልማት ከሁሉም ይቀላል፤ መስካሪው ሬጅስትራር ነው። ውጤቱ ከ4.00 ተሰልቶ ይመጣል፤ 3.98 ያለው ዋንጫውንና ሜዳሊያውን ይወስዳል፣ 3.97 ያለው ከወላጆቹ አጠገብ ተቀምጦ ያጨበጭባል። ይህ ልዩነት አንዳንድ ጊዜ በአንደኛ ዓመት፣ ምናልባት ወባ ይዞት በተፈተነው በአንድ ኮርስ ላይ የተመዘገበ አንድ ፊደል ነው። ቁጥሩ ሐሰት አይደለም፤ የሚናገረው ግን ጥቂት ነው። ዋንጫው ለጥቂት ያመለጣችሁ ልጆች አትዘኑ አልላችሁም፤ አራት ዓመት የለፋ ሰው ቢያዝን አይፈረድበትም፤ ነገር ግን በዚያች ፊደል ራሳችሁን አትመዝኑ። ዋንጫውን የምትወስዱት ደግሞ፣ በደብተሩ ያጠናችሁበት፣ ስትታመሙ ሌክቸር የገለበጠላችሁ ጓደኛ አዳራሹ ውስጥ የት እንደተቀመጠ አስቀድማችሁ እወቁ።

ከሴት ተመራቂዎች ከፍተኛ ውጤት ላመጣችው የሚሰጠውን ልዩ ሽልማት አንዳንዶች ሴቶችን ዝቅ ማድረግ ነው ይላሉ። እኔ አይመስለኝም። ውሃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ታናናሾቿን አስተኝታ ከዚያ በኋላ በኩራዝ ያጠናች ልጅ የመጣችበትን መንገድ የሬጅስትራሩ ዝርዝር አይናገርላትም፤ ስለዚህ አንድ ሰው አዳራሽ ውስጥ ቆሞ ሊናገርላት ይገባል።

ወደ መምህራኑ ሽልማት ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። ማስተማር፣ ምርምርና የማኅበረሰብ አገልግሎት የሚባሉት ሦስቱ የዩኒቨርሲቲ ሥራዎች በመመሪያው ላይ እኩል የተከበሩ ይመስላሉ፤ በቀላሉ የሚቆጠረው ግን የታተመ ጽሑፍ ነው። በታወቁ ጆርናሎች ላይ ሦስት ጽሑፍ ያወጣ መምህር ፋይሉ ራሱ ይናገርለታል። የ120 ተማሪዎችን የላብራቶሪ ሪፖርት በሳምንቱ አርሞ፣ በየኅዳጉ ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ጽፎ ለሚመልሰው መምህር ግን ከእናንተ በቀር ምስክር የለውም። እናንተም የመምህራን መገምገሚያ ቅጹን የምትሞሉት ለመውጣት እየተጣደፋችሁ፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ቁጥር እያከበባችሁ ነው። ከሥሩ ለአስተያየት የተተወው መስመር አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ሆኖ ይመጣል። አንድ ጊዜ ግን ከብዙ ባዶ ቅጾች መካከል «ሪፖርታችንን እስከ መጨረሻው ገጽ ያነበቡልን እሳቸው ብቻ ናቸው» የሚል አንድ መስመር አገኘሁ። በዚያ ዓመት ስብሰባችን በዚያች መስመር ምክንያት ግማሽ ሰዓት ቆመ፤ ሌሎች ተማሪዎች ተጠየቁ፣ የታረሙ ሪፖርቶች ቀረቡ፣ ማንም ያላሰበው መምህር ተሸለመ።

አሁን እስከ ዛሬ ወደሚከነክነኝ ጉዳይ ልምጣ። በማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ላብራቶሪውን 27 ዓመት የያዙ አንዲት ሠራተኛ ነበሩ። ጧት ተማሪ ከመግባቱ በፊት የተጣራውን ውሃ በየጠርሙሱ ይሞላሉ፤ የአሲዱን ጠርሙስ አንገት በጨርቅ ጠርገው የተዘጋጀበትን ቀን በሰማያዊ ቀለም፣ በትንንሽ ፊደል ይጽፉበታል። ቢከር የሰበረን ልጅ በሰው ፊት አይናገሩትም፤ ጎንበስ ብለው ስብርባሪውን ራሳቸው ያነሱና ቁጥሩን በደብተራቸው ያሰፍራሉ። ውሃ በሚጠፋበት ሰሞን ልምምዱ እንዳይታጠፍ ከታችኛው ግቢ በጀሪካን አስቀድተው ያቆዩ ነበር። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ሁላችንም ወደየቤታችን ከሄድን በኋላ፣ ልባቸው አላርፍ ብሏቸው ከበሩ ተመልሰው በአንደኛው ጠረጴዛ ላይ ሳይዘጋ የቀረ የጋዝ መክፈቻ አገኙ። ዘግተው፣ መስኮቶቹን ከፋፍተው፣ ሽታው እስኪወጣ ደጅ ላይ ቆመው ቆዩ። ሰኞ ሲነግሩኝ እንኳ ማን እንዳልዘጋው አልነገሩኝም።

ኮሚቴው በግንቦት መጨረሻ ሲሰበሰብ የምስጉን ሠራተኞች ጥቆማ የሚመጣልን ዘወትር ለኃላፊዎች ቅርብ ከሆኑ ቢሮዎች ነበር። ጸሐፊዋን አለቃዋ በየቀኑ ያያታል፤ ሾፌሩንም የሚሳፈረው ሰው ያውቀዋል። እነሱም አይገባቸውም አልልም። ከላብራቶሪ፣ ከተማሪዎች ካፌ ወጥ ቤት፣ ከቤተ መጻሕፍቱ መጋዘን፣ ከሌሊት ጥበቃው ግን ወረቀት አይመጣም ነበር። እኔ አጠገባቸው የምሠራው ሰው፣ ስማቸው በዝርዝሩ ውስጥ አለመኖሩን በየዓመቱ አያለሁ፤ በየዓመቱም ለከርሞ እጽፋለሁ እላለሁ። በመጨረሻ ልጽፍ ስቀመጥ የቅጹ የመጀመሪያ መስመር ሙሉ ስም ከነአያት ጠየቀኝ። ያን ጊዜ ነው 20 ዓመት ሙሉ «እትዬ» እያልሁ የጠራኋቸውን ሴት የአባታቸውን ስም እንኳ እንደማላውቅ የገባኝ። ከሰው ኃይል አስተዳደር ጠይቄ እስካገኝ የማስገቢያው ቀን አለፈ፤ እሳቸውም በዚያው ሐምሌ ጡረታ ወጡ። በሻይ ፕሮግራም ሸኘናቸው። ጥፋቱን በማንም ላይ አላሳብብም፤ ቅጹም ቀኑም በሰሌዳ ላይ ተለጥፈው ነበር፤ ያልጻፍሁት እኔ ነኝ።

አባቶቻችን ይህን ነገር ከእኛ ይልቅ ያውቁበት ነበር። በቤተ ክህነቱ ትምህርት ድጓ የተባለውን የዜማ መጽሐፍ የተማረ ሰው ለዓመታት ከደከመ በኋላ ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም ይሄዳል፤ ዝማሬ መዋሥዕት የተባለውን የዜማ ትምህርት የተማረም ወደ ዙር አምባ ይዘልቃል። እዚያ ጨርሶ ሲመለስ «አስመሰከረ» ይባላል። ቃሉን ልብ በሉት፤ ዕውቀቱን በጆሮው ሰምቶ፣ በዐይኑ አይቶ የሚመሰክርለት መምህር አገኘ ማለት ነው። የተማሪው ክብር ያለ መስካሪው አይቆምም። መስካሪውም ያልሰማውን ሰማሁ ቢል የራሱ ስም አብሮ ይወድቃል።

ወደ ዘመናዊው ትምህርት ስንመጣም ታሪኩ ያው ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ የቢልሃርዚያን በሽታ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው ውሃ ውስጥ በሽታውን የሚያዛምቱት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከዚያች ቀን አንሥቶ የእንዶድ ምርምር የዕድሜ ልክ ሥራቸው ሆነ፤ ዛሬ በስማቸው የሚጠራው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትም በእሳቸው መሥራችነት ተቋቋመ። አማራጩ ኖቤል የሚባለው የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት የተሰጣቸው ግን እ.ኤ.አ. በ1989፣ ከ25 ዓመት በኋላ ነው፤ ያንንም ከሥራ ባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ተካፈሉት። ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ ስነግር ዘወትር ሁለት ነገር አስከትል ነበር። አንደኛው፣ ሽልማቱ ለሁለት መሰጠቱ ነው፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው። ሁለተኛው፣ የምርምሩ መነሻ እንዶዱን እንደ ሳሙና የሚጠቀሙት እነዚያ አጣቢዎች መሆናቸው ነው። ስማቸው በተሸላሚዎች ዝርዝር ውስጥ የለም፤ የእንዶድ ታሪክ በተተረከ ቁጥር ግን ከወንዙ ዳር ይጀምራል። ተመራማሪው ያየውን ከየት እንዳየው ስለመሰከረ ነው።

ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታንም አስታውሱ። አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረምና ድርቅን የሚቋቋም ማሽላ በማዳቀል እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ፤ ከወሎንኮሚ ተነሥተው፣ አለማያ (በዛሬ ስሙ ሐረማያ) ተምረው፣ አሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የደረሱ ሰው ናቸው። ያንን መንገድ የከፈተው ግን እ.ኤ.አ. በ1973 አለማያ ላይ አንድ መምህራቸው ከፐርዱ ለመጣ የማሽላ ተመራማሪ ተማሪያቸውን ማስተዋወቃቸው ነው። ያ ማስተዋወቅ ሜዳሊያ አልነበረውም፤ ምናልባት ሁለት ዓረፍተ ነገር ቢሆን ነው። ወጣት መምህራን ሆይ፣ እናንተ ስለ አንድ ጎበዝ ተማሪ ለመናገር ሁለት ዓረፍተ ነገር መቆጠብ የለባችሁም።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ መድረኩ ልጨምር። በ1943 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ አዲስ አበባ ላይ ከተከፈተ በኋላ ተማሪዎቹ በየዓመቱ የኮሌጅ ቀን ያከብሩ ነበር፤ በውድድር የተመረጡ ግጥሞችም ንጉሠ ነገሥቱ ባሉበት ይነበቡ ነበር። በ1953 ዓ.ም. ከተነበቡት አንዱ በድሃው አንደበት የተጻፈ፣ የድሃውን ኑሮ ለሹማምንቱ የሚያሰማ ግጥም ነበር። ግጥሙን የጻፈው ተማሪ በሽልማት የተገኘውን መድረክ አዳራሹ ውስጥ ላልነበሩት ሰዎች ተጠቀመበት። እናንተም ማይክሮፎን ሲሰጣችሁ «ሁሉንም አመሰግናለሁ» ብላችሁ አትውረዱ፤ ሁሉንም ያመሰገነ ማንንም አላመሰገነም። አንድ ሰው ምረጡ፣ በስሙ ጥሩት፣ ያደረገውን አንድ ነገር ተናገሩ።

ጥቆማ ስትጽፉም እንዲሁ ነው። «ታታሪ፣ ትጉህ፣ ቅን፣ ሰው አክባሪ» የሚሉት ቃላት በሁሉም ጥቆማ ላይ ስለሚገኙ ኮሚቴው አልፏቸው ይሄዳል። ቀኑን፣ የተሠራውን፣ ባይሠራ ኖሮ ምን ይደርስ እንደነበር ጻፉ። «የሌሊት ጥበቃው ትጉህ ናቸው» ብሎ ከመጻፍ፣ «በጥር የፈተና ሰሞን መብራት በጠፋባቸው አራት ሌሊቶች ባትሪ ይዘው ከቤተ መጻሕፍት እስከ ሴቶች ማደሪያ ድረስ እየተመላለሱ አደረሱን» ብሎ መጻፍ ይሻላል፤ ከሥሩም ያየ ሁለተኛ ሰው ይፈርም። ለሰውየውም አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ስማቸው በአደባባይ እንዲነሣ የማይፈልጉ ሰዎች አሉ፣ ፈቃዳቸው ይከበር። እስከ ግንቦትም አትጠብቁ፤ በመስከረም የሆነውን በግንቦት የሚያስታውስ የለም፤ ከደብተራችሁ አንድ ገጽ ለዚህ ለዩ።

በዚህ ላይ አጥብቄ የማስጠነቅቃችሁ አንድ ነገር አለ። ለወንዜ ልጅ፣ ለማኅበር ጓደኛ፣ ነገ ውለታ ይመልስልኛል ለሚባል አለቃ የተጻፈ ጥቆማም ብዙ አንብቤአለሁ። በአራተኛው መስመር ላይ ይታወቃል፤ ቀን የለውም፣ ሥራ የለውም፣ ውዳሴ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት አንድ ሰው ያልሠራውን ያሸልማል፤ ከዚያም በከፋ፣ በሚቀጥለው ዓመት የሚቀርበውን እውነተኛ ጥቆማ ሁሉ ኮሚቴው በጥርጣሬ እንዲያነበው ያደርጋል። የሐሰት ምስክር ባለበት የጋዝ መክፈቻውን የዘጉት ሴት አይታመኑም።

ለከርሞው ሽልማት ዛሬውኑ መጀመር ይቻላል። ዛሬ ጧት የቤተ መጻሕፍቱን በር የከፈተላችሁ፣ በካፌው መስኮት ሳህናችሁን የተቀበለችው፣ የማደሪያችሁን ቁልፍ የያዙት ፕሮክተር፣ ሙሉ ስማቸው ከነአባታቸው ማን ይባላል? «ጋሼ» እና «እትዬ» የሚለው አክብሮት መልካም ነው፤ በቅጹ ላይ ግን አይጻፍም። ካላወቃችሁ ነገ ስትገቡ ሰላምታ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ በደብተራችሁም ቀኑን ጻፉና ከሥሩ ስማቸውን አስፍሩ።

አክባሪያችሁ፣
ጡረተኛ መምህራችሁ