ስለ ኤቭዞኖች፦ የአቴንስ የክብር ዘብና አለባበሱ

ጥያቄ፦ በአቴንስ የፓርላማው ሕንፃ ፊት ለፊት ቀሚስ ለብሰው የሚቆሙት ወታደሮች እነማን ናቸው?

መልስ፦ ኤቭዞኖች ይባላሉ። ቃሉ በጥንታዊው ግሪክኛ «ወገቡን አጥብቆ የታጠቀ» ማለት ነው፤ ሆሜር ግን የተጠቀመበት ስለ ሴቶች ሲናገር መሆኑ ፈገግ ያሰኛል። በ19ኛው መቶ ዘመን ስሙ ድንበር ለሚጠብቁ ቀላል እግረኛ ጦረኞች ተሰጠ፤ የቤተ መንግሥቱ ዘብም እ.ኤ.አ. በ1868 ከእነርሱ ተቋቋመ። ዛሬ የፕሬዚዳንቱ ዘብ ሲሆኑ፣ ብሔራዊ ግዴታቸውን ከሚወጡ ወጣቶች መካከል ቁመተ ረጃጅሞቹ ተመርጠው ይገቡበታል። የሚጠብቁት እ.ኤ.አ. በ1932 የተመረቀውን፣ በሲንታግማ አደባባይ የሚገኘውን ያልታወቀው ወታደር መቃብር ነው።

ጥያቄ፦ የቀሚሱ 400 ሽንሽኖች የቱርክ አገዛዝን 400 ዓመታት ያመለክታሉ የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ግሪኮች ራሳቸው እንዲህ ያስረዳሉ፤ እኔ ግን ትርጉሙ ለልብሱ በኋላ የተሰጠው ይመስለኛል። ቁስጥንጥንያ ከወደቀችበት ከ1453 አንሥቶ የነጻነት ጦርነቱ እስከ ጀመረበት እስከ 1821 ብንቆጥር የምናገኘው 368 ዓመት ነው። ከዚህም በላይ ፉስታኔላ የሚባለው ይህ ነጭ ቀሚስ በግሪክ ብቻ ሳይሆን በአልባኒያም ይለበስ የነበረ፣ የተራራ ተዋጊዎች እንደ ልብ እንዲራመዱበት የሚመርጡት ልብስ ነበር። የግሪክ የመጀመሪያው ንጉሥ ኦቶ፣ ትውልዱ ከባቫሪያ ሆኖ ሳለ፣ እርሱም ለብሶት የቤተ መንግሥት ልብስ አደረገው። ለአንዱ ቀሚስ ወደ 30 ሜትር የሚጠጋ ጨርቅ ስለሚፈጅ፣ ሽንሽኑን መተኮስ ብቻውን ትልቅ ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ ጫማው ላይ ያለው ጥቁር ፀጉራማ ኳስ ለምን ይጠቅማል?

መልስ፦ ጫማው ጻሩሂ ይባላል፤ ከቀይ ቆዳ ተሠርቶ ሶሉ ላይ ወደ 60 የሚሆኑ ሚስማሮች ስለሚመቱበት፣ ጥንዱ ከ3 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። ዘቡ እግሩን አንሥቶ ሲያሳርፍ የሚሰማው ድምፅም የእነዚህ ሚስማሮች ነው። ስለ ጥቁሩ ኳስ፣ ጫፉን ከውርጭና ከእርጥበት ለመከለል ነው የሚሉ አሉ፤ ስለታም ነገር ይደበቅበት ነበር የሚሉም አሉ። ሁለተኛውን ወሬ አስጎብኚዎች ይበልጥ ይወዱታል።

ጥያቄ፦ አንዳንድ ጊዜ ቀሚሱን ሳይሆን ሰማያዊ ወይም ካኪ ልብስ ለብሰው አይቻለሁ። ለምንድን ነው?

መልስ፦ ነጩ ፉስታኔላና በእጅ የተጠለፈው ሰደሪያ ለእሑድና ለበዓላት ናቸው። በሌሎች ቀናት ዱላማስ የተባለውን ልብስ ይለብሳሉ፤ በበጋ ካኪ፣ በክረምት ጥቁር ሰማያዊ ነው። የቀርጤስና የጥቁር ባሕሩ የጶንጦስ ግሪኮች ልብስም አላቸው፤ ለታላላቅ በዓላት ይወጣል።

ጥያቄ፦ ሳይንቀሳቀሱ ምን ያህል ጊዜ ይቆማሉ?

መልስ፦ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ተራ ሲለዋወጡ በዝግታ፣ እግራቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ይራመዳሉ፤ ይህም ቆሞ የደነዘዘውን እግር ያፍታታል። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ሲገባ እንኳ ዘቡ እጁን ስለማያነሣ፣ የሥራ ልብስ የለበሰ ባልደረባው ቀርቦ ይጠርግለታል፤ የቀሚሱን ሽንሽንም ያስተካክልለታል። ሙሉውን ሥርዓት ማየት የሚሹ እሑድ ከረፋዱ 5 ሰዓት ቀደም ብለው ይድረሱ።