«ኔቱ ነው» ከማለታችሁ በፊት

ገላንና ዱከም አካባቢ ፋብሪካና መጋዘን ውስጥ ናስ (NAS፣ ፋይል በኔትወርክ የሚያጋራ የዲስክ ሳጥን) ማስቀመጥ እየተለመደ ነው። ፋይሉ እዚያ፣ ሒሳብ ሠራተኛዋ ቦሌ። ከዚያ «ፋይሉ አልወርድ አለኝ» የሚል ስልክ ይደወላል። ሙያውን ገና የጀመራችሁ ልጆች መልሳችሁ በእጃችሁ ነው፦ «ኔቱ ነው!» ሊሆን ይችላል። ሳትለኩ ካላችሁት ግን ግምት ነው፤ ለግምት ደግሞ ደንበኛው እናንተን አይጠራም።

መጀመሪያ ሒሳቡን ሥሩ። መስመር የሚሸጠው በሜጋቢት ነው፤ ኮምፒውተሩ የሚያሳየው ደግሞ በሜጋባይት። 8 ቢት 1 ባይት ነው። «100 እየከፈልኩ 12 ብቻ ይመጣል» የሚል ደንበኛ አልተጭበረበረም። ብዙዎች የሚስቱት ግን ሌላ ነው። ቦሌ ያለችው ሴት የምታወርደው ገላን ያለው መስመር በሚልከው ልክ ነው። የእሷ ዳውንሎድ የፈለገውን ያህል ቢፈጥን፣ የገላኑ አፕሎድ 5 ሜጋቢት ከሆነ 10 ጊጋባይት ከአራት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ምንም የተበላሸ ነገር የለም።

ሒሳቡ ካልገጠመ ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ገላን ውረዱ። (ትራፊኩን አውቀዋለሁ። ቢሆንም ሂዱ።) ናሱ የተሰካበት ስዊች ላይ በኬብል ግቡና ያንኑ ፋይል ገልብጡ። በሰከንድ ወደ 110 ሜጋባይት ካገኛችሁ ናሱም ኬብሉም ደህና ናቸው። 11 ላይ ተቸንክሮ ከቀረ ኬብሉን ጠርጥሩ። ጊጋቢት 8ቱንም ሽቦ ይፈልጋል፤ 100 ሜጋቢት ግን 1ኛ፣ 2ኛ፣ 3ኛና 6ኛው ይበቁታል። ከቀሩት አንዱ ጃኩ ውስጥ በደንብ ካልተጨመቀ ብዙ ዕቃዎች ድምፃቸውን አጥፍተው ወደ 100 ይወርዳሉ። ኢንተርኔቱም ይሠራል፣ ፕሪንተሩም ይሠራል፤ ማንም አይነቃም። ጃኩን ቆርጣችሁ እንደገና ክሪምፕ አድርጉና ለኩ። የሞተ ዲስክ በቅርቡ ተቀይሮ ከሆነ ደግሞ ሬይዱ (አንድ ዲስክ ቢሞት ፋይሉ እንዳይጠፋ ዲስኮቹን የሚያጣምረው አሠራር) ራሱን እየጠገነ ሊሆን ይችላል፤ እስኪጨርስ ጠብቁት።

እዚያው ሲፈጥን ከሩቅ ግን ሲንቀራፈፍ፣ የፋይሉን ዓይነት እዩ። የዊንዶውስ ፋይል ሼሪንግ ለእያንዳንዱ ፋይል ብዙ ጊዜ ይመላለሳል። ሺህ ትንንሽ ፎቶ በቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ በሚዘረጋ የተመሰጠረ የግል መንገድ) መጎተት፣ ንብረት ክፍል እያንዳንዱን ብሎን በሞዴል 22 እያስፈረመ እንደማውጣት ነው። ዚፕ አድርጋችሁ በአንድ ፋይል ሞክሩት፤ ልዩነቱ ያስደነግጣችኋል። የናሱ አምራች ያለ ውጣ ውረድ ከሩቅ የሚያስገባ አገልግሎት ከሰጣችሁም ቀጥታ መሆኑን አረጋግጡ። ቀጥታ መንገድ ካጣ ፋይሉን በአምራቹ ሰርቨር በኩል ያዞረዋል፤ ያኔ ፍጥነቱ በእናንተ እጅ አይደለም። ርካሽ ናስም ቪፒኤኑን ራሱ ሲያመሰጥር ፕሮሰሰሩ ሊያልቅበት ይችላል። ፋይሉ እየወረደ የፕሮሰሰሩን ግራፍ ክፈቱት።

መስመሩ ራሱ ከሆነ የተለካበትን ሰዓትና ቁጥር ይዛችሁ አመልክቱ። «ቀሰስ ይላል» የሚል ማመልከቻ የሚያነብ የለም።

ሌላው፣ ይፈጥናል ብለው ቪፒኤኑን ትተው 445 ፖርትን፣ ማለትም የዊንዶውስ ፋይል ሼሪንግን በር፣ ለኢንተርኔት የሚከፍቱ አሉ። በ2017 (እ.ኤ.አ.) ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ዓለምን ያመሰው በዚሁ በር ነው። ተከፍቶ ካገኛችሁት የፍጥነቱን ነገር ተዉትና እሱን ዝጉ።