ሲሄዱ ሦስት ሰዓት ተኩል ሊሞላ፣ ሲመለሱ አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ የማይሞላ?

ጥያቄ፦ እናቴን ለማሳከም ባንኮክ እገኛለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ለሥራ ሲንጋፖር ደርሼ በዚያው ዕለት መመለስ አለብኝ። ልቆርጠው ያሰብኩት ትኬት መሄጃው 9፡35 ተነሥቶ 13፡00 ይደርሳል፤ መመለሻው 18፡30 ተነሥቶ 19፡55 ይደርሳል ይላል። ስሕተት ይሆን? ስብሰባዬ መሐል ከተማ በ14፡30 ነው፤ እደርሳለሁ?

መልስ፦ በቅድሚያ ለእናትዎ ፈጣሪ ምሕረቱን ይላክላቸው። ትኬቱ ስሕተት የለበትም። በረራው ሲሄዱም ሲመለሱም 2 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ነው። መነሻው በመነሻው ከተማ፣ መድረሻው በመድረሻው ከተማ ሰዓት ይጻፋል፤ ሲንጋፖር ደግሞ ባንኮክን በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። ትኬት ቆራጭ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት በዚህ ምክንያት ቀጠሮ ያለፈባቸው ብዙ መንገደኞች አይቻለሁ፤ ለዚህም ነው አስቀድመው በመጠየቅዎ ደስ ያለኝ።

የሚገርመው፣ ሲንጋፖር በካርታ ላይ ከባንኮክ በስተደቡብ ናት፤ ወደ ምሥራቅ ፈቀቅ ያለችው በጥቂቱ ነው። በፀሐይ ቢሄድ ሰዓታቸው አንድ በሆነ ነበር። ነገር ግን በ1982 እ.ኤ.አ. መባቻ የማሌዥያ ልሳነ ምድር በቦርኒዮ ደሴት ካሉት የአገሪቱ ግዛቶች ከሳባህና ከሳራዋክ ጋር ለመስተካከል ሰዓቱን በ30 ደቂቃ ወደፊት ሲገፋ፣ ሲንጋፖርም ከጎረቤቷ ላለመለየት አብራ ገፋች። ዛሬም እዚያ ፀሐይ የምትወጣው ዓመቱን ሙሉ በ7፡00 ገደማ፣ በእኛ አቆጣጠር አንድ ሰዓት ላይ ነው።

ርቀቱ ከባንኮኩ ሱቫርናቡሚ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ሲንጋፖሩ ቻንጊ አውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ መስመር 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጄት በሰዓት ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚበር ሒሳቡ ሁለት ሰዓት አይሞላም፤ የተረፈው ደቂቃ ማኮብኮቢያ ላይ ተራ ለመጠበቅ፣ ከፍ ለማለትና ለማረፍ የሚውል ነው።

ስብሰባው ግን ያሳስበኛል። ቻንጊ ከመሐል ከተማ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ ታክሲው ብዙ አያቆይዎትም፤ የኢሚግሬሽን ሰልፉን ግን ማንም ሊያረጋግጥልዎ አይችልም። በረራው ግማሽ ሰዓት ቢዘገይ ስብሰባው አለቀ ማለት ነው። በእኔ ምክር በ7፡00 ገደማ የሚነሣ በረራ ይፈልጉ፤ በ10፡30 ገደማ ያርፋሉ። ከሆስፒታሉ አካባቢ ሊነጋ ሲል በ4፡00፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ላይ በታክሲ ቢወጡ የባንኮክ መንገድ ያን ጊዜ ክፍት ነው። ትኬቱ ላይ የተጻፈው ቢኬኬ ከሆነ ሱቫርናቡሚ፣ ዲኤምኬ ከሆነ ዶን ሙአንግ ነው፤ ሁለቱ አውሮፕላን ማረፊያዎች በጣም የተራራቁ ናቸውና ለታክሲው ሲናገሩ ይጠንቀቁ።

ያልጠየቁኝ፣ ግን ከሁሉ የሚከብደው ቪዛዎ ነው። ወደ ታይላንድ የገቡት በአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ ከሆነ፣ ከአገሪቱ ሲወጡ ያበቃል፤ ማታ ሲመለሱ እናትዎ ዘንድ መድረስ ሊያቅትዎ ይችላል። ከመውጣትዎ በፊት ከታይላንድ ኢሚግሬሽን ቢሮ የዳግም መግቢያ ፈቃድ ያውጡ። ጉርድ ፎቶግራፍ ይያዙ፤ ለአንድ ጊዜ የሚያገለግለው ክፍያ 1,000 ባህት ነው። ለመነሻው ቀን አያሳድሩት። የሲንጋፖርን የመግቢያ ቅጽ ከመድረስዎ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ በኢንተርኔት በነጻ ይሙሉ፤ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድዎንም ከፓስፖርትዎ አይለዩት።