ሚዶውን ለምን ወረወረችው?

ጥያቄ፦ «በቨርጂኒያ የምኖር የ38 ዓመት ሰው ነኝ። ባለቤቴ የአሜሪካ ምድር ጦር ሳጅን ናት፤ በስንቅና ትጥቅ ክፍል ትሠራለች። ለ12 ወራት ወደ ደቡብ ኮሪያ እንድትሄድ ትዕዛዝ ደርሷታል፤ ምደባው ቤተሰብ ይዞ መሄድን አይፈቅድም። ለመሄድ ሰባት ሳምንት ቀርቷታል። እኔም ትዕዛዙ ከመጣበት ቀን ጀምሮ እየተዘጋጀሁ ነው። የአራት ዓመት ሴት ልጃችን አዲስ አበባ እናቴ ዘንድ እንድትቆይ ተስማምቻለሁ፤ እናቴም በጣም ደስ ብሏታል። ልጅ ናትና ቶሎ ትለምዳለች። ዕቃውን መጋዘን አስገብቼ፣ አፓርታማውን ለቅቄ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ብኖር በዓመቱ ለቤት መግዣ ቅድመ ክፍያ የሚሆን ገንዘብ ይጠራቀማል። የውክልናውን፣ የባንኩን፣ የመኪናውን ጉዳይ ሁሉ በዝርዝር ጽፌ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌዋለሁ።

ባለቤቴ ግን ሌላ ሰው ሆናብኛለች። በረባ ባልረባው ትቆጣለች። ባለፈው እሑድ ማታ ልጅቷን ከፊቷ አስቀምጣ ሹሩባ እየሠራቻት ‹ና፣ ያዝ፤ አንተም ልመድ› አለችኝ። ‹ለእኔ ምን ያደርግልኛል? እማዬ ትሠራት የለም እንዴ?› ስላት ሚዶውን ግድግዳው ላይ ወርውራ፣ ልጅቷን ታቅፋ ገባች። ከዚያ ወዲህ የምትተኛው ከልጅቷ ጋር ነው። በአንድ ሚዶ እንዲህ ይኮናል? ጓደኞቼ ‹ውጭ የምትመደብ ሴት ልቧ ቀድሞ ይሄዳል› ይሉኛል። እውነት ልቧ ሄዶ ይሆን? ትዳራችን ይህን ዓመት እንዲሻገር ሌላ ምን ላዘጋጅ?»

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ በዕድሜ ሳልበልጥህ አልቀርምና አንተ ብዬ ብጽፍልህ ቅር እንዳይልህ።

እንቅልፍ በሚነሳህ ጥያቄ ልጀምር። ልቧ ለመሄዱ ደብዳቤህ ውስጥ አንድም ምልክት አላየሁም። የነገርከኝ ጠባይ በወታደር ቤተሰቦች ዘንድ የታወቀ ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጦር የአእምሮ ሕክምና ባለሙያዎች፣ አንድ ቤተሰብ ትዕዛዝ ከደረሰበት ቀን አንሥቶ ወታደሩ ተመልሶ ቤቱን እስኪለምድ ድረስ የሚያልፍባቸውን አምስት ምዕራፎች ጽፈው ነበር። እናንተ አሁን ያላችሁት በመጀመሪያው ላይ ነው። በዚህ ጊዜ ባልና ሚስት አንድ ቀን ተጣብቀው ይውላሉ፤ በማግስቱ በትንሽ በትልቁ ይጋጫሉ፣ ይራራቃሉ፣ መኝታውም ይቀዘቅዛል። ተኳርፎ መለያየት ተቃቅፎ ከመለያየት ይቀላል፤ የተናደዱበትን ሰው ትቶ መሄድ ያን ያህል አያንገበግብም። ማንም አስቦበት የሚያደርገው አይደለም፤ ልብ ራሱን የሚያደነድንበት መንገድ ነው። ስለዚህ የጓደኞችህን ወሬ እዚያው ለጓደኞችህ ተውላቸው።

ነገሩ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ «ታገሥ፣ ያልፋል» ብዬህ ምላሼን በቋጨሁ ነበር። ያ ሚዶ ግን አላሳልፍ አለኝ።

እስቲ ደብዳቤህን ከእኔ ጋር መልሰህ አንብበው። ስለ ልጅህ ጉዞ «ተስማምቻለሁ» ብለሃል። ከማን ጋር? እናትህ ደስ እንዳላት ነግረኸኛል። ባለቤትህ ግን «ልጃችን አዲስ አበባ ትሂድ» ስትላት ምን እንደመለሰች አልጻፍክም። ልጅቷ ምን እንደምትጠይቅ፣ ማታ ማታ ምን እንደምትል አልጻፍክም። «ትናፍቀኛለች» የሚል ቃልም ፈልጌ አጣሁ። ደግሞ የሚሄደውን ቁጠረው፤ ባለቤትህ ወደ ኮሪያ፣ ልጅህ ወደ አዲስ አበባ፣ ዕቃው ወደ መጋዘን፣ አንተ ወደ ጓደኛህ ቤት። ትዕዛዝ የደረሰው ለአንድ ሰው ነበር፤ በአንተ ዝግጅት ግን ቤቱ በሙሉ ተነሥቶ ሄዷል። የሚቀር ሰው የለም።

የሚሄድ ሰው የሚቀር ሰው ያስፈልገዋል። ባለቤትህ ፒዮንግቴክ በምትባለው የኮሪያ ከተማ አጠገብ ባለው ሰፊ የጦር ሰፈር ወይም በሌላ ክፍል ትመደብ፣ ማታ ሥራዋን ጨርሳ ጋደም ስትል ሐሳቧ የሚመለሰው ወደ አንድ የምታውቀው ቦታ ነው። በሩ ጀርባ ወደ ተደረደሩት የልጇ ጫማዎች፣ ሲከፈት ሲጢጥ ወደሚለው የቁም ሣጥን በር፣ አንተ ቡና አፍልተህ ሳትጠጣ ረስተኸው ወደምትሄደው ሲኒ። «አሁን ከእንቅልፋቸው ተነሥተዋል፤ አሁን ቁርስ ላይ ናቸው» እያለች ቀኑን ትገፋለች። ቤቱ ፈርሶ ሦስታችሁም በሦስት አገር ስትበተኑ ሐሳቧ የሚያርፍበት አይኖረውም። ብዙውን ጊዜ በዓመቱ መሀል የእረፍት ፈቃድ ይሰጣል። ያኔ የምትመጣው ወዴት ነው? ጓደኛህ ሶፋ ላይ ነው? ወይስ አማቷ ዘንድ፣ በልጇ ፊት እንግዳ ሆና?

ፖሊን ቦስ የተባለች አሜሪካዊት ምሁር በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በቬትናም ጦርነት ደብዛቸው የጠፋ ወታደሮችን ቤተሰቦች አጥንታ ነበር። ያስተዋለችው ነገር በየዕለቱ በምክር ክፍሌ የማየው ነው። ሰውን የሚያደክመው መለያየቱ ብቻ ሳይሆን፣ የሄደው ሰው ከቤተሰቡ ውስጥ ይሁን ውጭ አለመታወቁ ነው። የእናንተ ጉዳይ ከዚያ እጅግ ይቀላል፤ የት እንዳለች ይታወቃል፣ የመመለሻዋ ጊዜም ተቆርጧል። ጥያቄው ግን ወደ እናንተም ቤት መግባቱ አይቀርም። አንዳንድ ቤተሰብ የሄደውን ሰው ቦታ ማንም እንዳይነካው ዘግቶ ይጠብቃል፤ ቤቱም ዓመቱን ሙሉ እንደቆመ ሰዓት ይሆናል። አንዳንዱ ደግሞ ወንበሩን ከነጭራሹ ያነሣዋል። የሚሻለው መንገድ የሚሄደው ሰው ሥራውን በገዛ እጁ ለሚቀረው ሰው ማስረከቡ ነው። እንዲህ ሲሆን ሥራው ይሠራል፣ የባለቤቱ እጅ ግን ከቤቱ አይወጣም።

ባለቤትህ የስንቅና ትጥቅ ሰው ናት ብለሃል። በእሷ ሙያ ያለ ርክክብ ከመጋዘን የሚወጣ ሰው የለም፤ ቆጥሮ ያስረክባል፣ ተረካቢውም አይቶ ይፈርማል። ያን እሑድ ማታ «ና፣ ያዝ» ስትልህ ርክክብ እያደረገች ነበር። ዝርዝርህ ላይ ውክልና አለ፣ ባንክ አለ፣ መኪና አለ። እሷ ልታስረክብህ የፈለገችው የልጇን ጸጉር ነው፤ መሀሉን እንዴት ለሁለት እንደሚከፈል፣ ቅባቱ የቱ ጋ እንደሚበቃ፣ የትኛው ጎን ሲነካ እንደሚያማት። አንተ «እማዬ ትሠራት የለም እንዴ?» ስትላት ተረካቢ አጣች። እኔ እንደሚመስለኝ ሚዶው ለዚህ ነው የተወረወረው።

ከዓመታት በፊት ያማከርኳትን አንዲት ወጣት አስታወስኩ። እናቷ ለሥራ ቤይሩት ስትሄድ እሷ አያቷ ዘንድ ቀረች። አያቷን ከማንም አብልጣ ትወዳለች። «እናቴ ስለሄደች አልተቀየምኳትም» አለችኝ። «ስትመጣ የምንገናኘው ግን ሰው ሳሎን ውስጥ ነበር። እሷ አንዱ ሶፋ ላይ፣ እኔ አንዱ ሶፋ ላይ። ማን ቡና እንደሚያፈላ እንኳ ሁለታችንም አናውቅም ነበር።» ያቺ ሴት ዛሬም ስለ እናቷ ስታወራ ስለዚያ ሳሎን ነው የምታወራው።

«ልጅ ናት፣ ትለምዳለች» ያልከው ላይ አልስማማም። ጆን ቦውልቢና ጄምስ ሮበርትሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በእንግሊዝ አገር ሆስፒታል ገብተው ከእናቶቻቸው የተለዩ ሕፃናትን ለዓመታት ተከታትለው ነበር። ልጁ መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ከዚያ ይተክዛል፣ በመጨረሻም ዝም ይላል። አዋቂዎች ያን ዝምታ አይተው «ለመደ» ይሉ ነበር። እናቱ ስትመጣ ፊቱን ሲያዞርባት ግን ያልለመደ መሆኑ ይታያል። እናትህ ደግ ሴት መሆናቸውን አልጠራጠርም፤ በአያት እጅ ማደግም በአገራችን የተከበረ ነገር ነው። ችግሩ አንዲት የአራት ዓመት ልጅ እናቷን፣ አባቷን፣ አልጋዋንና የመዋያዋን ጓደኞች በአንድ ወር ውስጥ ማጣቷ ነው። ሠራዊቱ የወሰደባት እናቷን ብቻ ነበር።

አሁን ደግሞ ስለ አንተ። ከጻፍከው ሁሉ የበለጠ የተሰማኝ ያልጻፍከው ነው፤ ብቻህን ልጅ ማሳደግ ያስፈራሃል። ቢያስፈራህ አልፈርድብህም። አብዛኞቻችን ወንድ ልጅ ማጀት አይገባም እየተባለ ነው ያደግነው። ሴት መዝመቷ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ እቴጌ ጣይቱም አድዋ ዘምተዋል። ለዘማች ፉከራም ቀረርቶም አለን። ሚስቱ ዘምታ ልጁን ይዞ ቤት ለሚጠብቅ ባል ግን አንድ ስንኝ እንኳ የለንም፤ ስለዚህ ጓደኞችህ ያላቸውን ያንኑ የልብ ወሬ ነገሩህ። አንተም ፍርሃቱን ወደ ዝርዝር ለወጥከው። ዝርዝሩ ፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቤት ልግዛላት ማለትህም ፍቅር ነው። እሷ ግን አሁን የምትለምንህ በሚቀጥለው ዓመት የሚገዛውን ቤት ሳይሆን ዛሬ ያለውን ቤት እንድትጠብቅላት ይመስለኛል።

ይህን ሁሉ የምለው የአንድ ወገን ደብዳቤ አንብቤ ነው፤ እሷን ብሰማ የምጨምረውም የምቀንሰውም ሊኖር ይችላል። ሆኖም ጥቂት ነገር ልበል።

የኪራይ ውሉን ከማፍረስህ በፊት የክፍሏን የፋይናንስ ሠራተኞች አብራችሁ ጠይቁ። ወታደሩ ብቻውን ሲመደብ የቤት አበሉ ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው ቤተሰቡ በሚኖርበት ቦታ ነውና፣ ቁጠባ ያልከው ኪሳራ ሊሆን ይችላል። እናትህ ቪዛ አግኝተው ለጥቂት ወራት ቢመጡ፣ ወይም አንተ ራስህ ልጅህን ይዘህ ለእረፍት አዲስ አበባ ብትሄድ፣ አያትና ልጅ ሳይቆራረጡ ቤታችሁም አይዘጋም። የቪዛው ነገር ቀላል ስላልሆነ ግን ለማንም ቃል አትግባ። ለልጅህ 12 ወር ትርጉም የለውም፤ በእንቁጣጣሽ፣ በገና፣ በፋሲካ ቁጠሩላት። ቹንቾን በምትባለው የኮሪያ ከተማ በኮሪያ ጦርነት ለተዋጉት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮቻችን መታሰቢያ ቆሟል። እናቷ እዚያ ሄዳ ፎቶግራፍ ብትልክላት «እማዬ ያለችበት አገር» የሚለው ነገር መልክ ይኖረዋል።

ስለ ሰዓቱ ደግሞ ይህን አስብ። ቨርጂኒያ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሲሆን ኮሪያ በብርዱ ወራት ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ በሙቀቱ ወራት ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ልጅህን ለመዋያ የምታዘጋጅበት ሰዓት እናቷ ከሥራ ወጥታ የምታርፍበት ሰዓት ነው ማለት ነው። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስደግፈህ ጸጉሯን ስትሠራት እናቷ ከወዲያ «ግራውን ጠበቅ አድርገው» ልትልህ ትችላለች። አዲስ አበባ ብትሆን ግን ያው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ለእናቷ ከቀኑ 7 ሰዓት፣ ሥራ ላይ ነው።

ከመሄዷ በፊት ቢያንስ አንድ ጊዜ አብራችሁ አማካሪ ፊት ብትቀመጡ እወዳለሁ። ሚሊታሪ ዋንሶርስ የተባለው አገልግሎት ለወታደሮችም ለባለትዳሮቻቸውም በአንድ ጉዳይ እስከ 12 ጊዜ የሚደርስ ምክር በነፃ ይሰጣል። በዋሽንግተን አካባቢ በአማርኛ የሚያማክሩ ባለሙያዎችም አሉ። ስለ አልጋ መለየታችሁ ከእኔ ይልቅ ሁለታችሁንም ከሚያይ ሰው ጋር መነጋገር ይሻላል።

እስከዚያው ግን ዝርዝሩን ከማቀዝቀዣው ላይ አውርደው። «ያን ማታ እንደዚያ ያልኩሽ ብቻዬን የምችላት ስላልመሰለኝ ነው» በላት። ወዲያው ላይቀልላት ይችላል፤ ብትቆጣም፣ ብታለቅስም፣ ዝም ብትልም አትሽሽ። ከዚያ ሚዶውን ይዘህ ልጅህን ከፊትህ አስቀምጣት። የመጀመሪያው ሹሩባ መጣመሙ አይቀርም። እናቷ አጠገብህ ቁጭ ብላ ትፈታውና እንደገና ታሠራሃለች።