ጥያቄና መልስ፦ የውጭ ገበያ ማስታወቂያ ወጪያችሁን የአሜሪካ መንግሥት መቼ ይመልሳል?

ሰላም ለሁላችሁ። በቃሌ መሠረት ጥያቄ ልቀበል ተቀምጫለሁ። ርእሳችን በተለምዶ "ማፕ" የምንለው ማርኬት አክሰስ ፕሮግራም ነው። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር በውጭ ግብርና አገልግሎቱ በኩል ያስተዳድረዋል። የአሜሪካን የእርሻ ምርት ውጭ አገር ለሚያስተዋውቁ ከወጪያቸው የተወሰነውን ይመልሳል። እኔ ለትናንሽ ምግብ አምራቾች ማመልከቻና ሒሳብ ሳዘጋጅ ዓመታት አልፈዋል። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር፦ ፈቃድ ሳይመጣ አንድ ዶላር እንዳታወጡ። ከፈቃዱ በፊት የወጣ አይመለስም። የምጠራቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን አመሹ። ሜሪላንድ ውስጥ ሽሮ አሽጌ እሸጣለሁ። ማንን ነው የማናግረው? ግብርና ሚኒስቴርን በቀጥታ?

መልስ፦ በቀጥታ አይደለም፣ ወንድሜ። ሚኒስቴሩ የሚዋዋለው ከንግድ ማኅበራት፣ ከኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ ከክፍለ ግዛት መሥሪያ ቤቶችና ከክልል የንግድ ቡድኖች ጋር ነው። እንደ አንተ ያለ ትንሽ ድርጅት የራሱን ብራንድ ሊያስተዋውቅ ሲፈልግ በክልል ቡድኑ በኩል ይገባል። ቡድኖቹ አራት ናቸው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ሳስታ ወደሚባለው የደቡብ ቡድን ሂዱ። ሲያትልና አይዳሆ ያላችሁ ዉሳታ ወደሚባለው የምዕራብ ቡድን። ለሚኒሶታና ለኢሊኖይ የመካከለኛው ምዕራብ ፉድ ኤክስፖርት፣ ለኒው ዮርክ ደግሞ የሰሜን ምሥራቁ ፉድ ኤክስፖርት አለ።

ጥያቄ፦ ስንት ይመለሳል?

መልስ፦ ለብራንድ ማስታወቂያ ግማሹ። 8,000 ዶላር አውጥተህ ሁሉም ከጸደቀ 4,000 ይመለስልሃል። ሌላው ግማሽ ከኪስህ ነው።

ጥያቄ፦ ገንዘቡን እንዴት ነው የሚሰጡት?

መልስ፦ አይሰጡም። ይመልሳሉ። መጀመሪያ ዕቅድህ ይጸድቃል። ከዚያ ከራስህ ትከፍላለህ። ከዚያ በማስረጃ ትጠይቃለህ። ባንክህ ውስጥ መጀመሪያ የሚወጣ ገንዘብ ከሌለህ ይህ ፕሮግራም አይጠቅምህም።

ጥያቄ፦ እኔ የይርጋጨፌና የሲዳማ ቡና አስመጥቼ ሲያትል ውስጥ እቆላለሁ፣ አሽጋለሁ። ወደ ጃፓን መላክ እፈልጋለሁ። ለማስታወቂያው ይመለስልኛል?

መልስ፦ አይመለስልህም። ምርቱ ውሃው ሳይቆጠር በክብደት ቢያንስ ግማሹ የአሜሪካ እርሻ ምርት መሆን አለበት። የአንተ ቡና ሙሉ በሙሉ ከኢትዮጵያ የመጣ ነው።

ያው ጠያቂ፦ ግን እኮ የቆላሁት እዚህ ነው። ሠራተኞቼ እዚህ ናቸው፣ ግብር የምከፍለው እዚህ ነው። ሥራው ግማሽ አይሆንም?

ሌላ አባል፦ እኔም በዚህ እስማማለሁ። ጥሬ ቡናና የተቆላ ቡና ዋጋቸው በጣም ይለያያል። ያ ልዩነት እዚህ አገር የተፈጠረ ነው።

ሦስተኛ አባል፦ ገንዘቡ የመጣው ከእርሻ ሕግ ነው፣ ወገኖች። የታሰበው ለገበሬው ነው። የይርጋጨፌን ገበሬ የሚረዳ ፕሮግራም ቢኖር ደስ ይለኝ ነበር። ይሄ ግን እሱ አይደለም።

መልስ፦ ሦስተኛው አባል ልክ ነው። የሚለካው ክብደት ነው። የሥራ ዋጋ ወይም የሠራተኛ ብዛት አይለካም። ስለ ቡና ሌላ ጥያቄ አልመልስም፣ መልሱ አይቀየርም። ይልቅ የሽሮና የአዋዜ ሰዎች እዚህ ላይ አስተውሉ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና።

500 ግራም የሽሮ እሽግ አለህ እንበል። 380 ግራሙ ከዋሽንግተን ወይም ከአይዳሆ የተገዛ ሽምብራ ነው። 120 ግራሙ ከአገር ቤት የመጣ በርበሬና ቅመም ነው። የአሜሪካው ድርሻ 76 በመቶ ሆነ። ያልፋል። አሁን አዋዜ እንይ። 300 ግራም ጠርሙስ ነው። 160 ግራሙ የተጨመረ ውሃ፣ 80 ግራሙ የአገር ቤት በርበሬ፣ 60 ግራሙ የአሜሪካ ዘይትና ነጭ ሽንኩርት ነው። "ውሃው የአሜሪካ ነው፣ ስለዚህ 220 ከ300" ብሎ ያሰላ ሰው አጋጥሞኛል። ውሃው ይወጣል። የሚቀረው 140 ግራም ነው። ከዚያ 60ው 43 በመቶ ነው። አያልፍም። በርበሬውን በከፊል በኒው ሜክሲኮ በርበሬ ብትተካው ሒሳቡ ይለወጣል፣ ጣዕሙን ግን አንተ ታውቃለህ። የምግብ አሠራሩን በግራም ጽፋችሁ፣ እያንዳንዱ ግብዓት ከየት እንደተገዛ የሚያሳይ ደረሰኝ አያይዛችሁ አስቀምጡ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ኮሎኝ ላይ ለሚደረገው የአኑጋ የምግብ ኤግዚቢሽን ቡዝ ልከራይ ነው። እኔ፣ ባለቤቴና ልጄ እንሄዳለን። ምን ምን ይመለሳል?

መልስ፦ ቀድሞ የጸደቀ ከሆነ የቡዝ ኪራዩና ግንባታው ይታያል። ጉዞው ከአንድ ድርጅት ለሁለት ሰው ብቻ ነው። ሦስተኛው ሰው በራሳችሁ ነው። ትኬቱ ኢኮኖሚ ይሁን። ባለ አሜሪካ ባንዲራ አየር መንገድ መጠቀም ግዴታ ነው። ርካሽ ስለሆነ ብላችሁ ሌላ አየር መንገድ ከመቁረጣችሁ በፊት ቡድናችሁን ጠይቁ። እንደገና እላለሁ፦ ፈቃዱ በእጃችሁ ሳይገባ አትክፈሉ።

ጥያቄ፦ ሱፐርማርኬቱ መደርደሪያ ላይ ለማስቀመጥ ክፍያ ጠየቀኝ። የቅናሽ ኩፖንም ላወጣ አስቤያለሁ።

መልስ፦ ሁለቱም አይመለሱም። ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ ለደንበኛ የምታስቀምሱበት ዝግጅት ግን ሊጸድቅ ይችላል።

ጥያቄ፦ የማሸጊያ ጽሑፌን ወደ ጀርመንኛ ልቀይር ነው። ይቆጠራል?

መልስ፦ የተቀባዩን አገር ሕግ ለማሟላት የሚደረግ የማሸጊያና የጽሑፍ ለውጥ ሊመለስ ይችላል። አዲስ ጣዕም ለመፍጠር ወይም ምርቱን ለማሻሻል የወጣው ግን አይመለስም።

ጽሑፍ ካነሳን አይቀር፣ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ማስታወቂያው ምርቱ የአሜሪካ መሆኑን በግልጽ መናገር አለበት። "የአሜሪካ ምርት" ወይም "አሜሪካ የበቀለ" የሚል ዓይነት ቃል ይኑርበት። መጠኑም ተጽፏል። መለኪያው የላቲኗ ትንሿ "ኦ" ፊደል ናት። በተቻለ መጠን ቁመቷ 1/6 ኢንች፣ ማለትም 0.42 ሴንቲሜትር መሆን አለበት። ብዙ ሰው ይቺን ይንቃታል። አንድ የረዳሁት ድርጅት የሚያምር ፖስተር አሠርቶ፣ ከፍሎ፣ ሰቅሎ ጨረሰ። የአገሩ ስም የትም አልነበረበትም። ገንዘቡ አልተመለሰም። ባለቤቱ ሲነግረኝ ድምፁ ተሰብሮ ነበር፣ ዛሬም አልረሳውም። ስለዚህ ዲዛይነሩ ሥራውን ሲልክላችሁ ማስመሪያ አውጡና ለኩ። ከመታተሙ በፊት ረቂቁን ለቡድናችሁ አሳዩ። የምትሸጡበት አገር ሕግ ይህን ጽሑፍ የሚከለክል ከሆነ፣ ከመታተሙ በፊት በቡድናችሁ በኩል ልዩ ፈቃድ መጠየቅ ይቻላል።

ጥያቄ፦ ባለፈው ወር የዱባይ ቡዝ ከፍዬ ጨርሻለሁ። አሁን ባመለክት የከፈልኩት ይያዝልኛል?

መልስ፦ ይህን ሦስት ጊዜ ተናገርኩ። አይያዝም። እባካችሁ ከላይ ያለውን አንብባችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ይቅርታ ርእስ ልቀይር። ከግብራችን በዓመት 200 ሚሊዮን ዶላር ለነጋዴ ማስታወቂያ መስጠት ተገቢ ነው?

ሌላ አባል፦ ድሮ ለትላልቅ ካምፓኒዎች ነበር የሚሰጠው። ዛሬም ስሙ እንጂ ሥራው አልተለወጠም።

ሦስተኛ አባል፦ አልተለወጠም ስትል ሕጉን አይተኸዋል? ሌሎች አገሮችም ገበሬያቸውን እንዲሁ ይደግፋሉ። እኛ ብቻ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ?

መልስ፦ ክርክሩ አዲስ አይደለም። ፕሮግራሙ በ1985 በሌላ ስም ተጀመረ። የዛሬውን ስም ያገኘው በ1996 ነው። ትላልቅ ካምፓኒዎች ተጠቅመውበታል፣ በዚያም ብዙ ተወቅሷል። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የብራንድ ገንዘቡ ለትናንሽ ድርጅቶችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ብቻ ሆነ። የኦክላሆማው ሴናተር ቶም ኮበርን በ2012 ክፉኛ ተችተውታል። የኮንግሬሱ የሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤትም በ2013 ውጤቱ የሚለካበት መንገድ መሻሻል አለበት ብሏል። እኔም በልኬቱ ነገር እስማማለሁ። ግን ሦስት ሠራተኛ ያላት ሴት ዱቄቷን ቶኪዮ ስታስቀምስ አይቻለሁ፣ ያለዚህ ገንዘብ አትደርስም ነበር። የቀረውን ክርክር ለብቻ ቀጥሉ፣ ሰው ወረፋ እየጠበቀ ነው።

ጥያቄ፦ ኩባ?

መልስ፦ ከ2018ቱ የእርሻ ሕግ ወዲህ ይቻላል፣ የማዕቀቡን ደንብ ሳይጥስ። ለጀማሪ አልመክርም።

ጥያቄ፦ ትምባሆስ?

መልስ፦ አይካተትም።

ጥያቄ፦ አንድ አገር ላይ ለስንት ዓመት መጠቀም ይቻላል?

መልስ፦ አንድ ድርጅት በአንድ አገር ብራንዱን ለማስተዋወቅ ከአምስት ዓመት በላይ አይደገፍም። ካናዳን ስትጨርሱ ሌላ አገር ትጀምራላችሁ። ስለዚህ የመጀመሪያውን ዓመት ገና ዝግጁ ባልሆናችሁበት አገር አታቃጥሉት።

ጥያቄ፦ የመጨረሻ ልሁን፣ እትዬ። ለሒሳቡ ምን ምን ላስቀምጥ?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እህቴ። ኢንቮይሱን፣ መክፈልሽን የሚያሳየውን የባንክ ወረቀት፣ ሥራው በእርግጥ መሠራቱን የሚያሳየውን ማስረጃ። የማስታወቂያው ቅጂ፣ የቡዙ ፎቶ፣ የመሳፈሪያ ወረቀት። ፎቶው ላይ ያ የአገር ስም ጽሑፍ ይታይ። ያንኑ ወጪ ከሌላ የመንግሥት ገንዘብ አስመልሰሽ ከሆነ እዚህ አታምጪው። ቡድኖቹ ለሚኒስቴሩ ሒሳብ የሚያቀርቡት የፕሮግራም ዓመታቸው ካለቀ በ6 ወር ውስጥ ነው። ለአንቺ የሚሰጡሽ ቀን ከዚያ ያጠረ ይሆናል። ያንን ቀን ውልሽ ላይ ፈልጊና ዛሬውኑ ካላንደርሽ ላይ ጻፊው።